ባንዳ የሚለውን ስም በዱቤ አትስጡ

ለጎጃም ወገኖቼ፣ በተለይም በየቡና ቤቱ ተቀምጠን በሰው ላይ ለምንፈርድ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ስለ አንድ የፖላንድ ኮሎኔልና ስለ አያቴ ካፖርት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብረ ማርቆስ፣ ከሰፈራችን ጀበና ቡና ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ አራት ወጣቶች ስልካቸውን ከስኒ አስደግፈው የአማርኛ ትረካ ያዳምጣሉ። ትረካው ስለ አንድ የፖላንድ ኮሎኔል ነው። የአገሩ መንግሥት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተሰልፎ ሳለ እሱ ለአሜሪካኖች ዘጠኝ ዓመት የሰለለ መኮንን። ትረካው ሳያልቅ አንደኛው «ወይ ባንዳ!» አለ። ሌላኛው «የምን ባንዳ? የውስጥ አርበኛ ነው እንጂ» አለው። ከዚያ ወዲያ ስልኩን የሚሰማው ጠፋ። ፖላንድ ላይ የተጀመረው ነገር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የአንዱ አያትና የሌላው ጎጥ ላይ ደረሰ። የቡናዋ ባለቤት ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ለስኒዎቿ ነው የፈራችው።

አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ እርስዎ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። እስቲ ይፍረዱን» አለኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ አስተምሬ የመለስኩት ምን መሰላችሁ? «እሱ እንግዲህ እንደ ሰው አመለካከት ነው።» ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ አፈርኩ። ይህ ደብዳቤ ያኔ መመለስ የነበረብኝ መልስ ነው። ትንሽ ረዝሟል። ጡረተኛ ጊዜ አለው።

ከኮሎኔሉ ልጀምር። ሪሻርድ ኩክሊንስኪ ይባላል። በፖላንድ ጦር ጠቅላይ መምሪያ ውስጥ የጦርነት ዕቅድ ከሚነድፉት አንዱ ነበር። ከሶቪየት የጦር አለቆች ጋር ቁጭ ብሎ የሚሠራ፣ የታመነ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1972 በጀልባ ወደ ምዕራብ ጀርመን በሄደበት አጋጣሚ ቦን ለነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ደብዳቤ ላከ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከአንድ አሜሪካዊ መኮንን ጋር ልገናኝ እሻለሁ አለ። ከዚያ እስከ 1981 ድረስ ወደ 35 ሺህ ገጽ የሚጠጋ ሰነድ አሳልፎ ሰጠ። አብዛኛው የሶቪየት ምሥጢር ነበር።

ለምን? ዕቅዱን ያነብ ነበራ። ምሥራቅና ምዕራብ ቢዋጉ የሶቪየት ጦር በፖላንድ ላይ አልፎ ነው ወደ ምዕራብ የሚገሠግሠው። ያንን ጦር ለማቆም ደግሞ የምዕራቡ ኑክሌር የሚወርደው እዚያው ፖላንድ ላይ ነው። አዛዡ ሞስኮ፣ የሚቃጠለው የእሱ አገር። በዚያ ላይ በ1970 የፖላንድ ወታደር በባልቲክ ጠረፍ ከተሞች በገዛ ሠራተኞቹ ላይ ሲተኩስ አይቷል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አልነግራችሁም። ምናልባት ዝም ብዬ ደመወዜን እበላ ነበር። አብዛኛው ሰው እንዲያ ነው።

በ1981 ኅዳር ወር ላይ መታወቁ አይቀርም ሲባል አሜሪካኖቹ እሱን፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን በድብቅ አወጧቸው። ከወር በኋላ፣ ዲሴምበር 13፣ ፖላንድ ውስጥ ወታደራዊ አገዛዝ ታወጀ። የአዋጁ ዕቅድ ሲረቀቅ ኩክሊንስኪ ውስጡ ነበረበት። በ1984 በሌለበት የሞት ፍርድ ተፈረደበት። በ1989 የኮሚኒስቶቹ መንግሥት ወደቀ። ይሁንና ወዲያው «ጀግናችን» ተብሎ የጠራው የለም። ክሱ ሙሉ በሙሉ የተነሣለት በ1997 ነው። አገሩን መልሶ ያየው በ1998 ነው። በ2004 አሜሪካ ሞተ። ዋርሶ ተቀበረ። በ2016 ደግሞ ከሞተ በኋላ የጄኔራልነት ማዕረግ ተሰጠው። በመካከሉ ሁለቱንም ልጆቹን በሞት አጥቷል። ዛሬም ድረስ የፖላንድ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ እንደ እናንተ ስኒ ሊሰብር ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሰውየው አልተለወጠም። የሠራው ሥራም ያው ነው። የተለወጠው መንግሥቱ ነው። ሲለወጥ ግን ሰውየው ባዶ እጁን አልነበረም። የአሜሪካኖቹ መዝገብ ነበረው። ማን እንደነበር፣ ምን እንደሰጠ፣ መቼ እንደሰጠ የተጻፈ ወረቀት ነበረው። 35 ሺህ ገጽ ምስክር ማለት ቀላል አይደለም።

አያቴ አንድ ገጽ አልነበረውም።

ጣሊያን በገባ ጊዜ አያቴ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረ አንድ ምሽግ ውስጥ ሹምባሽ ነበር። ሹምባሽ ምን እንደሆነ የማታውቁ ወጣቶች ትኖራላችሁ። ጣሊያን ለአገሬው ወታደር ከሚሰጠው ማዕረግ የመጨረሻው ከፍተኛ ማዕረግ ነው። ከዚያ በላይ ነጭ ብቻ ነው የሚሾመው። እንግዲህ አያቴ ከምሽጉ ሐበሾች የመጨረሻው አለቃ ነበር ማለት ነው። የጣሊያን ካፖርት ለብሶ፣ የጣሊያን ደመወዝ በልቶ።

በቤታችን የሚነገረው ግን ሌላ ነው። አያቴ ማታ ሲገባ «ጨው አልቋል» ካለ በማግሥቱ ከምሽጉ ጭነት ይወጣል ማለት ነው። አያቴ ሴቷ ነጠላዋን አደግድጋ ወንዝ ተሻግራ ወንድሟ ቤት ጨው ልትበደር ትሄዳለች። ቅሉ ሙሉ ጨው እያለ! ወንድሟ ደግሞ ወሬውን ከአርበኞቹ የጎበዝ አለቃ ያደርሳል። ጎረቤት «ይህች ሴትዮ ጨው ትጠጣለች እንዴ?» እያለ ያማት ነበር አሉ። ይህን ሲነግሩን እንስቅ ነበር። እሷ ግን አትስቅም።

ያኔ ጎጃም ውስጥ ጣሊያን የያዘው ከተማውንና ምሽጉን ነው። ገጠሩ በእነ በላይ ዘለቀ፣ በእነ መንገሻ ጀምበሬ፣ በእነ ነጋሽ በዛብህ፣ በእነ ኃይሉ በለው እጅ ነበር። አርበኛ መድፍ የለው፣ አውሮፕላን የለው። ያለው እግርና ወሬ ነው። ጭነቱ መቼ ይወጣል? ስንት ሰው ያጅበዋል? ይህን የሚያውቀው ደግሞ ከጫካ የተቀመጠ ሰው ሳይሆን ከጣሊያን ገበታ የሚበላ ሰው ነው። የውስጥ አርበኛ የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ቅኔ ቤት የገባችሁ ኅብረ ቃል ታውቃላችሁ። አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማል። ሹምባሽ የሚለው ቃልም ያኔ እንዲያ ነበር። ልዩነቱ ቅኔው ሲፈታ መምህሩ አጠገባችሁ መኖሩ ነው። የአያቴን ቅኔ የሚፈታው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱ የጎበዝ አለቃ።

በ1932 ዓ.ም. የጎበዝ አለቃው ተገደለ።

የስለላ ሥራ ትልቁ እዳ ይሄ ነው። ስሙን የሚያውቀው ሰው ባነሰ ቁጥር ሰላዩ ይድናል። በኋላ ደግሞ የሚመሰክርለት ያጣል። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ አያቴ ምስክር አምጣ ተባለ። የሚስቱን ወንድም አቀረበ። የሥጋ ዘመድ ምስክር አይሆንም ተባለ። አንድ ሽማግሌ «ያንተ ምስክር ከአፈር በታች ነው» አሉት። ወደ ቤቱ ተመለሰ። ካፖርቱን ከግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ አልለበሰውም፣ አልሸጠውም፣ አላቃጠለውም። አባቴ የቄስ ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆቹ «የባንዳ ልጅ» ብለው ተቀበሉት። ጣት እየቀሰሩ፣ በዜማ። አባቴ በሰማንያ ዓመቱ ያንን ዜማ ለእኔ ሲያዜምልኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን የሙያዬን እውነት ልናገር። የአያቴ ሚስት የነገረችኝ ታሪክ ማስረጃ አይደለም። የእውነተኛ ባንዳ ሚስትም ይህንኑ ትናገር ነበር። ጣሊያን ሲወጣ «እኔ እኮ የውስጥ አርበኛ ነበርኩ» ያላለ ማን አለ? ስለዚህ አያቴን አርበኛ በሉልኝ ብዬ አልጻፍኩም። አላውቅማ። የምለው፣ እናንተም አታውቁም።

ወረቀት ካለ ሌላ አያስፈልግም ብላችሁ ደግሞ አትሳሳቱ። ወረቀትም ይዋሻል። በ1894 ፓሪስ ውስጥ ከጀርመን ኤምባሲ የቆሻሻ ቅርጫት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የተቀዳደደ ወረቀት አውጥታ ለፈረንሳይ የስለላ ሰዎች ሰጠች። አንድ የፈረንሳይ መኮንን ምሥጢር ሊሸጥ እንደሆነ ወረቀቱ ይናገራል። መኮንኑ ማን ነው? ጣታቸውን ሻምበል አልፍሬድ ድሬይፉስ ላይ ቀሰሩ። ጽሕፈቱ የእሱን ይመስላል አሉ። ድሬይፉስ አይሁዳዊ ነበር። ለብዙዎቹ ይሄ ከጽሕፈቱ በላይ አሳመናቸው። በጥር 1895 ወታደር በተሰለፈበት አደባባይ ላይ ማዕረጉን ከትከሻው ገነጠሉት፣ ጎራዴውን ሰበሩት። ከዚያ ወደ ዲያብሎስ ደሴት ላኩት። ደሴቱ ስሙ እንዲያ ነው፣ እኔ አላወጣሁለትም።

ሻለቃ ኤስተርሃዚ የሚባለው እውነተኛው ሰላይ ግን ፓሪስ ውስጥ ይዘንጥ ነበር። የስለላው ክፍል አዲስ ሹም፣ ኮሎኔል ፒካር፣ ይህን ደረሰበት። ምን አደረጉት? ወደ ቱኒዚያ ላኩት። ኤስተርሃዚን ለፍርድ አቅርበው በነፃ ለቀቁት። ያን ጊዜ ነው ኤሚል ዞላ የተባለው ደራሲ ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት በጋዜጣ ግልጽ ደብዳቤ የጻፈው፤ ጥር 1898። እኔ ከእሱ ጋር ልመዛዘን አልፈልግም። ደብዳቤ ጠቃሚ ነገር መሆኑን ግን ከዚያ ተምሬያለሁ። ድሬይፉስ ንጹሕነቱ የተረጋገጠለት በ1906 ነው። ከተከሰሰ ከ12 ዓመት በኋላ።

በሌላ በኩል እውነተኛ ሰላይ ኮሎኔል አለ። የኦስትሪያ ሃንጋሪው አልፍሬድ ሬድል። የሚገርመው ሥራው ሰላይ ማደን ነበር። የጠላትን ጆሮ ጠቢ የሚለቅመው የክፍሉ አለቃ እሱ ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ? ይህ ግን ባለቤቱም ቡዳውም አንድ ሰው ነው። የአገሩን ምሥጢር ለሩሲያ ይሸጥ ነበር። በገንዘቡ ተንደላቆ ኖረ። በ1913 ቪየና ፖስታ ቤት ውስጥ በሐሰት ስም የመጣ ፖስታ ባለቤት አጥቶ ቆየ። ሲከፈት ውስጡ 6,000 ክሮነን ተገኘ። ፖሊስ መልሶ አሽጎ ጠበቀ። ግንቦት ላይ አንድ ሰው መጥቶ ወሰደና በታክሲ አመለጣቸው። ፖሊሶቹ ታክሲውን ሲያገኙት ወንበሩ ላይ የኪስ ቢላ ሰገባ ተረስቷል። ሰገባውን ይዘው ሰውየው የገባበት ሆቴል ሄዱና ለእንግዳ ተቀባዩ ሰጡት። «ይህ የማን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ። ሬድል ከደረጃው ወርዶ የኔ ነው አለ። በቃ። በዚያው ሌሊት ጓደኞቹ መኮንኖች ሽጉጥ ሰጥተውት ወጡ። ራሱን ገደለ።

ልብ በሉ፣ በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው በቢላ ሰገባ ተያዘ። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሁልጊዜ ያጨበጭቡ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ይቆጨኛል። በዚያች ሌሊት ቸኩለው ስላስገደሉት የሸጠውን ሁሉ ቀስ ብሎ የጠየቀው የለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት በዓመቱ መጣ። ጥፋተኛ መሆኑ የተረጋገጠበትን ሰው እንኳ ቸኩሎ መፍረድ ያከስራል።

የስዊድኑ ኮሎኔል ስቲግ ቬነርስትሮም ደግሞ ለሶቪየት ኅብረት ወደ 15 ዓመት ሰለለ። የያዘችው የቤት ሠራተኛው ናት። ከጣሪያ ሥር ፊልም አገኘች። በ1963 ወደ ሥራ ሲሄድ ተያዘ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሰውየው ራሱን የሚያይበት መስታወት ትልቅ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ገንዘብ ከተቀበለ ባንዳ ነው፣ ካልተቀበለ አርበኛ ነው» ትላላችሁ። ቅዳሜ ዕለት አንዱ እንዲያ ሲል ሰምቻለሁ። ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። የሶቪየቱ ጄኔራል ዲሚትሪ ፖሊያኮቭ ከሃያ ዓመት በላይ ለአሜሪካኖች ሲሰልል የተቀበለው ገንዘብ ትንሽ ነው። የዓሣ ማጥመጃ፣ የአናጺ መሣሪያ፣ የአደን ጠመንጃ ነበር የሚወደው። አሳልፈው የሰጡት ደግሞ ሁለት አሜሪካኖች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ፣ አልድሪክ ኤምስ፣ ከሞስኮ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ በላ። ፖሊያኮቭ በ1986 ተያዘ፣ በ1988 በጥይት ተገደለ። እዚህ ላይ የሆድ አደሩና የሌላው ልዩነት እንደ ፀሐይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አያቴ ግን የጣሊያን ደመወዝ ይበላ ነበር። መብላት ነበረበት። የማይበላ ሹምባሽ ማን ያምነዋል? በዚህ ሚዛን ብቻ ከመዘናችሁት ወደቀ። ለእኔ ከደመወዙ ይልቅ የሚበልጠው ጥያቄ በወሬው ምክንያት ማን ሞተ፣ ማን ዳነ የሚለው ነው። ይህንን ደግሞ ያለ ማስረጃ ማንም አይመልሰውም።

ወሬ ስንት ጦር እንደሚያክል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡሬን አስቡ። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ላይ የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ ሺዎች ወታደር ይዞ ቡሬን ለቆ ወጣ። ከፊቱ የነበረው የእንግሊዛዊው መኮንን የእነ ዊንጌት ጦር ከእሱ በብዙ ያነሰ ነበር። እሱ ግን ብዙ ነው ብሎ ገመተ። መጋቢት 28 ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከጣሊያን ጋር የነበሩት ራስ ኃይሉም እጃቸውን ሰጡ። ናታሌን ያሳሳተው ማን ነው? ከየትኛው ወታደር አፍ ወጣ? በየምሽጉ ከበላ ሰው አፍ የወጣ ወሬ ይኑርበት አይኑርበት፣ የተጻፈልን የለም።

ታሪካችን ስም አሰጣጡ ላይ ደግሞ ጨካኝ ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በላይ ዘለቀ ተሰቀለ። ጣሊያንን አምስት ዓመት ያስጨነቀው በላይ። ከእሱ ጋር አብሮ የተሰቀለው ከጣሊያን ጋር ያበረው ልጅ ማሞ ኃይሉ ነው። አርበኛውም ባንዳውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ስቅላት። ይህን ክፍል ሳስተምር ክፍሉ ፀጥ ይላል። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ «መምህር፣ ታዲያ ገመዱ ለየትኛው ነበር የተገመደው?» አለችኝ። ፈተና ላይ ልጠይቀው አስቤ መልሱን ራሴ ስለማላውቀው ተውኩት።

እንግዲህ ልመናዬ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በአካባቢያችን «እገሌ እኮ ጆሮ ጠቢ ነው» የተባለ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለጎጃም ሰው አልነግርም። ታውቁታላችሁ። አንዱ ወገን ሲል ይፈራል፣ ሌላው ወገን ሲልም ይፈራል። ቃሏን የጣላት ሰው ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ቃሏን የተሸከማት ሰው ልጆቹ ድረስ ይሸከማታል። ደግሞ በዱቤ ነው የምንሰጣት። ማን አየ? መቼ? በምን? ስንባል «ሁሉም ያውቀዋል» እንላለን። ድሬይፉስንም ሁሉም ያውቀው ነበር።

ሁለተኛው ልመና ወረቀት ላላቸው ነው። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደጀን፣ ዳንግላ፣ ፍኖተ ሰላም፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የጎበዝ አለቆች ደብዳቤ አለ። የድሮ መሪጌታ የመዘገበው የስም ዝርዝር አለ። አንዳንዱን አይቻለሁ። ባለቤቶቹ አያወጡትም፤ የማን አያት ምን እንደነበር ይወጣል ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል። ከወጣ ያስከፋል። ግን እኮ ሳይወጣም እየሰደብን ነው። ቢያንስ ፎቶ አንሡትና ለሚታመን ሰው ስጡ። የሚመለከተው ቢሮ ይህን ካነበበ ደግሞ፣ አዲስ ሐውልት ከማቆማችሁ በፊት ለአንድ ዓመት የሚዞር አንድ ልጅና አንድ ካሜራ መድቡ። ሽማግሌዎቹ እየሄዱ ነው።

ቅዳሜ ለጠየቃችሁኝ ወጣቶች፦ ኩክሊንስኪ ለእኔ ወደ አርበኛው ያደላል። ይህን የምለው ወረቀቱን ስላየነው ነው። ስለ አያቶቻችሁ ግን ያልኩት የለም። እናንተም አትበሉ።

ካፖርቱ አሁን እኔ ጋ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ መጣልኝ። ብል በልቶታል፣ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል። ባለፈው ክረምት ፀሐይ ላይ ሳሰጣው የግራ ጎኑ ገበር ከውስጥ ተተርትሮ አየሁት። አንድ እጅ የሚያስገባ ያህል። ጣቴን ከትቼ ዳበስኩት፣ ባዶ ነው። አይጥ ይሁን የሰው እጅ የተረተረው አልገባኝም። ማየት የሚፈልግ ካለ ቡናው ቤት ይጠይቅ፣ ቤቴን ያሳዩታል።

አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦
ለቡናዋ ባለቤት፣ ስለ ስኒዎቹ